ቆልማማ እግርን የሚያቃና ጀሶ

ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አንዱ ግድም እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ጣቶቹ ወደ ታች ተደፍተው፣ ውስጥ እግሩ ወደ ሌላኛው እግር ዞሮ ይወለዳል። ቆልማማ እግር የሚባለው ይህ ነው። ከነዚህ ሕፃናት በግማሽ ያህሉ ሁለቱም እግሮች የተቆለመሙ ናቸው፤ ወንዶቹ ደግሞ የሴቶቹን እጥፍ ይሆናሉ። በአንዳንድ ቤተሰብ በዘር ይሄዳል እንጂ የእርግማን ወይም የኃጢአት ዋጋ አይደለም።

ሳይታከም ከቀረ ልጁ መራመዱ አይቀርም፤ የሚራመደው ግን በእግሩ ጠርዝ ወይም በእግሩ ጀርባ ነው። ቆዳው ይደድራል፣ ይቆስላል፤ ልኩ የሆነ ጫማ አይገኝም፤ ትምህርት ቤቱ ከሩቅ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ራሱ ቅጣት ይሆንበታል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ሕክምና ጥጥ፣ ጀሶ፣ አንዲት ትንሽ ቢላ፣ በብረት የተያያዘ ጫማ እና ትዕግሥት ነው። ሕፃናትን ለማከም በበጎ ፈቃድ መጓዝ የሚያስብ ሰው ቀድሞ ሊተዋወቀው የሚገባም ይህን ሕክምና ነው።

ዘዴውን ለዓለም ያበረከቱት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔኗ ሚኖርካ ደሴት ተወለዱ፤ አባታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ። በ1936 በባርሴሎና ሕክምና ተምረው እንደጨረሱ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። በሪፐብሊኩ ወገን ሆነው ቁስለኛ ሲያክሙ ቆዩ፤ ወገናቸው ሲሸነፍ ቁስለኞቹን ይዘው ተራራ አቋርጠው ፈረንሳይ ገቡ፤ ከዚያም ሜክሲኮ ተሰደዱ። በ1941 አሜሪካ ወደሚገኘው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ።

እዚያም ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና የታከሙ ሰዎችን እግር እንደገና መረመሩ። ቢላ የገባበት እግር ቅርጹ ቢስተካከልም ግትር፣ ደካማና የሚያም ሆኖ አገኙት። እግሩን ቀደው ከማስተካከል ይልቅ አጥንቶቹ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ማጥናት ጀመሩ፤ ከ1940ዎቹ መጨረሻ አንሥቶም በእጅና በጀሶ ማቃናቱን ሥራዬ ብለው ያዙት። ውጤታቸውን በ1963 ቢያሳትሙም የሙያ ባልደረቦቻቸው ለ30 ዓመት ያህል ዞር ብለው አላዩትም። በ1995 የወጣ ጥናት ግን የቀድሞ ታካሚዎቻቸውን በ30ዎቹ ዕድሜያቸው መርምሮ፣ ከመቶ 78ቱ እግራቸው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ መሆኑን አሳየ። ጤነኛ እግር ይዘው ከተወለዱ እኩዮቻቸው መካከል ይህን መመዘኛ ያለፉት ከመቶ 85 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች ወሬውን በኢንተርኔት እየተቀባበሉ ዘዴውን ዓለም አቀፍ አደረጉት። ፖንሴቲ በ2009 በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ ዘዴያቸው በብዙ አገሮች ቀዳሚው ሕክምና ሆኖ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአራስ እግር እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ አጥንቱ ገና አልጠነከረም፣ ጅማቱም ቀስ ተብሎ ሲሳብ ይለጠጣል። ባለሙያው አውራ ጣቱን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ በውጭ በኩል ጎላ ባለው አጥንት ላይ ያሳርፍና በሌላ እጁ የእግሩን ፊት ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋል። ተረከዙን አይነካም፤ የእግሩ ፊት በትክክል ሲዞር ተረከዙ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። የመጀመሪያው ጀሶ የሚያስተካክለው ከመሐል እግር ያለውን ጉብታና ጉድጓድ ስለሆነ፣ ለማያውቅ ሰው እግሩ የባሰ የዞረ ይመስላል። እናት ይህ አስቀድሞ ካልተነገራት ልትደነግጥ ትችላለች።

ማሰሩ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ጥጡንና ጀሶውን ይጠቀልላል። ሕፃኑ ርቦት ቢመጣ ይመረጣል፤ ጡት እየጠባ ሳለ አይራገጥም። ጀሶው ከጣቶቹ ሥር ተነሥቶ፣ ጉልበቱ በ90 ዲግሪ ታጥፎ፣ እስከ ታፋው ጫፍ ይደርሳል። ከጉልበት በታች የቀረ ጀሶ ሕፃኑ ሲወራጭ ተንሸራቶ ይወልቃል። ጣቶቹ ውጭ የሚቀሩት እናት እንድታያቸው ነው፤ ከጠቆሩ፣ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ጀሶው ጠብቋልና ሳይውል ሳያድር ይፈታል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ እግሩን በቀርከሃ ማሳሰር አደገኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ ደም የተከለከለ እግር ይሞታል፣ እስከ መቆረጥም ያደርሳል።

በየሳምንቱ ጀሶው እየተፈታ፣ እግሩ ጥቂት ወደ ውጭ እየዞረ፣ አዲስ ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። በመጨረሻ የሚቀረው ተረከዙ ወደ ላይ እንደተሳበ መቅረቱ ነው። ለዚህም ከ10 ሕፃናት በ8 ወይም በ9 ላይ የተረከዙ ጅማት ቦታው ብቻ ደንዝዞ በትንሽ ቢላ ይቆረጣል። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ስፌትም አይፈልግም። ከዚያ የሚታሰረው ጀሶ 3 ሳምንት ሲቆይ ጅማቱ ረዝሞ ይጋጠማል።

እግሩ ተቃና ማለት ግን ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም። ሕፃኑ በብረት የተያያዙ ሁለት ጫማዎችን ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ። ጫማው ቶሎ ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል፤ የማገርሸቱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ የዚህ ሕክምና ዋና ባለሙያ ሌሊት ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ እያባበለች ጫማውን የምታስረው እናት ናት።

እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው የት ይገባል? በሁለት ሳምንት ዕረፍቱ የመጣ ሐኪም ለአንድ ሕፃን ሊያስር የሚችለው ሁለት ጀሶ ነው። ሦስተኛውን ማን ያስራል? ጫማውን በሁለተኛ ዓመቱ ማን ይለውጣል? ሠርቶ ብቻ የሚሄድ ቡድን እግሩን ግማሽ መንገድ አድርሶ ይተወዋል። ለዚህ ሕክምና የሚሆነው በጎ ፈቃደኛ እጁን ለሌላ እጅ አስተምሮ የሚሄድ ነው።

ይህንን የኡጋንዳ ተሞክሮ ያሳያል። የኡጋንዳ ተወላጁ ካናዳዊ ሐኪም ሻፊክ ፒራኒ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ዘዴውን ለአገሬው ባለሙያዎች አስተማሩ። የእግሩን መቆልመም ከ0 እስከ 6 በሚደርስ ነጥብ የሚለካውን መመዘኛም ያወጡት እሳቸው ናቸው። እዚያው ኡጋንዳ ሚሂል ስቲንቤክ የተባሉ ሆላንዳዊ ባለሙያ ጫማውን በአካባቢው ከሚገኝ ቆዳና ብረት መሥራት ስለቻሉ ከውጭ መጠበቅ ቀረ። በማላዊም ጀሶውን የሚያስሩት ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ የሠለጠኑ መካከለኛ የጤና ባለሙያዎች ሆኑ።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህንን ሕክምና ይሰጣል፤ ሆፕ ዎክስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ የቆልማማ እግር ክሊኒኮችን ይደግፋል። ጀሶ አሳሪዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ፊዚዮቴራፒስት ወይም የአጥንት ሐኪም ሊረዳ ከፈለገ፣ የሚመጣበትን ክሊኒክ አስቀድሞ ምን እንደጎደለው ይጠይቅ፤ የሙያ ፈቃዱን ያስጨርስ፤ ሲመጣ አጠገቡ የሚሠለጥን የአገሩ ባለሙያ ይኑር። እናቲቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ማስረዳት መቻሉ ሌሎች እንግዶች የሌላቸው ሀብት ነው። የሕክምና ሙያ የሌለው ሰውም ሥራ አያጣም፤ ከገጠር በየሳምንቱ ለሚመላለስ ቤተሰብ የመኪናና የማደሪያ ወጪ መሸፈን አንድ ጀሶ ከማሰር አያንስም።

እርስዎ ግን ሐኪም ባይሆኑም፣ የትም ባይጓዙም፣ በጎረቤትዎ ወይም በዘመድዎ ቤት እግሩ የተቆለመመ አራስ ካዩ ቤተሰቡን ዛሬውኑ ያነጋግሩ። ልጁ አይደበቅ፤ ክርስትናው ወይም አቂቃው እስኪያልፍ አይጠበቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሆስፒታል የደረሰ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይሮጣል።