ከማዳበሪያው ጎን ምን ተቀምጧል?

ዌስት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ከዋኮ ከተማ በስተሰሜን የምትገኝ ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2013፣ ዕለተ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ካለው የማዳበሪያ መጋዘን ጭስ ሲወጣ ታየ። የከተማዋ እሳት አደጋ ተከላካዮች ቀን በየሥራቸው ውለው ሲጠሩ የሚሮጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደርሰው የውሃ ጎማ መዘርጋት ጀመሩ። ጭሱ ከታየ 20 ደቂቃ ያህል እንዳለፈ መጋዘኑ ፈነዳ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ 12ቱ እሳቱን ሊያጠፉና ሊረዱ የሮጡ ነበሩ። ከ260 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ የአረጋውያን መኖሪያና የኪራይ ቤቶች ፈራረሱ። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ገብተው ባይሆን ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ምን ያህል ይሆን እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። መጋዘኑ በቆመበት ቦታ 28 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ቀረ።

ይህ መጋዘን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገበሬው ማዳበሪያና ዘር ሲገዛበት የኖረ ሱቅ ነው። በዚያ ምሽት በውስጡ ከ40 እስከ 60 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር፤ ከዚህ ውስጥ የፈነዳው 30 ቶን ያህሉ ነው። በእኛ አቆጣጠር 300 ኩንታል፣ አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ከሚጭነው ያነሰ ማለት ነው።

አሞኒየም ናይትሬት ምን ዓይነት ነገር ነው? ሲያዩት እንደ ዩሪያ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ፍሬ ፍሬ ያለ ነው። በእርጥብ መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት እየሟሟ መዳፍን ያቀዘቅዛል። ከክብደቱ 34 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ ሰብል ይወደዋል። አደገኛነቱ ያለው ናይትሬት በሚባለው ክፍሉ ውስጥ በታሰረው ኦክስጅን ላይ ነው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ሲያዳፍኑት እሳቱ የሚተኛው አየር ስለሚያጥረው ነው። አሞኒየም ናይትሬት ያለበት እሳት ግን አይዳፈንም፤ አየሩን ይዞ ይመጣል። ራሱ እንደ እንጨት አይነድም፤ አጠገቡ ያለውን እንጨት፣ ናፍጣ ወይም ኬሻ ግን ከልክ በላይ ያነድዳል። ስለዚህ አየር በመከልከል የሚሠራ ማጥፊያ፣ አረፋም ሆነ ዱቄት፣ ዋጋ የለውም። የሚረዳው ብዙ ውሃ ነው፤ እሱም እሳቱ ገና ሲጀምር ብቻ።

ንጹሕ ሆኖ፣ በቀዝቃዛ ቦታ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቤት የተቀመጠ አሞኒየም ናይትሬት ዓመታት ቢቆይ አይፈነዳም። ጠባዩ የሚለወጠው ሲሞቅ፣ ባዕድ ነገር ሲቀላቀልበትና መውጫ ሲያጣ ነው። 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ እየፈረሰ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ መውጫ ካገኘ ይበተናል፤ ካጣ፣ ለምሳሌ ቅላጩ ወደ ፍሳሽ ቱቦ ወይም ወደ ጠባብ ጉድጓድ ከወረደ፣ ግፊቱ እየበረታ ይሄዳል። በዚህ ላይ ጥቀርሻ፣ ዘይት ወይም ሰጋቱራ ከተቀላቀለበት ማዳበሪያ መሆኑ አብቅቶ ፈንጂ ይሆናል። ከእሳቱ ቡናማ ወይም ብርቱካንማ ጭስ ሲነሳ ናይትሬቱ መፍረስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያን ያየ ሰው ጎማውን ጥሎ፣ ጎረቤቱንም ይዞ መሸሽ ነው ያለበት።

እንግዲህ የዌስትን መጋዘን ከዚህ ጋር እናስተያየው። ሕንፃው የእንጨት ነበር። ናይትሬቱ የተከመረበት ክፍልፋይ ግድግዳው እንጨት ነው። በዚያው ጣሪያ ሥር ዘር ተቀምጧል፤ ዘር ደግሞ ይነድዳል። እሳት ሲነሳ ራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረም። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ካቀረቧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ ከሚነደው ሕንፃ የወጣው ጥቀርሻ በክምሩ ላይ እያረፈ በክሎታል የሚል ነው። አሞኒየም ናይትሬትን አደገኛ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ነበር።

እሳቱን ማን ወይም ምን እንደለኮሰው ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የፌዴራል መርማሪዎች ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ብለዋል። ለእኔ ግን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ክብሪትም ይሁን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ እሳት በማንኛውም ቤት ሊነሳ ይችላል። ከትምህርት ቤትና ከአረጋውያን መኖሪያ ጋር የተጎራበተ መጋዘን በአንድ ብልጭታ ከተማ እንዲያፈርስ ሆኖ መሠራቱ ግን የሰው ውሳኔ ነው። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፦ የኮንክሪት ወይም የብረት ክፍልፋይ፣ ከጣሪያ የሚረጭ ውሃ፣ ዘሩን ሌላ ቤት ማድረግ። ቴክሳስ ከአደጋው ሁለት ዓመት በኋላ ባወጣችው ሕግ ናይትሬት ከሚነድ ነገር ቢያንስ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ እንዲርቅ አዘዘች። 9 ሜትር! 12 ነፍስ አድኖችና 3 የከተማው ሰዎች ከሞቱ በኋላ የተለካ ርቀት ነው።

ከዚያ በፊትም ዓለም ተምሮ ነበር፤ ረሳው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1921 በጀርመኗ ኦፓው የአሞኒየም ሰልፌትና ናይትሬት ድብልቅ እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ስለጠጠረ ሠራተኞች በድማሚት ይፈረካክሱት ነበር። ብዙ ሺህ ጊዜ አድርገውት ምንም አልሆነም። ሴፕቴምበር 21 ቀን ግን ክምሩ አብሮ ፈነዳና ከ500 በላይ ሰው ገደለ። ናይትሬት እርጥበት ይስባል፤ በ32 ዲግሪ ገደማ ደግሞ የፍሬው ውስጣዊ አቀማመጥ ይለወጣል። ቀን ሲሞቅ ማታ ሲቀዘቅዝ ፍሬው እየተሰባበረ ዱቄት፣ ዱቄቱም እየተጋገረ ጡብ ይሆናል። መጋዘን ደረቅና ቀዝቃዛ ይሁን የሚባለው ለዚህ ጭምር ነው።

ቤይሩትን ለእኛ አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። በዚያች ከተማ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ኦገስት 4 ቀን 2020 ምን እንዳዩ ለቤተሰቦቻቸው በስልክ ነግረዋል። ለስድስት ዓመት ያህል በወደብ መጋዘን ውስጥ ባለቤት አጥቶ የተቀመጠ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር ከ200 በላይ ሰው የገደለው። በዚያም እሳቱን ሊያጠፉ የተላኩት አሥሩ የእሳት አደጋ ባልደረቦች አልተመለሱም። ከበሩ በስተጀርባ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም።

በዌስት ታሪክ ውስጥ አንድ ሌላ ትምህርት አለ። መጋዘኑ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባስገባው የአደጋ ዕቅድ ዋናው ስጋት የአሞኒያ ጋዝ ማምለጥ ነበር፤ ስለ ናይትሬቱ ፍንዳታ አልተጻፈም፤ ያ ዕቅድ የሚጠየቅባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥም ናይትሬት አልነበረም። በዚያ ምሽት በግቢው የነበሩት ሁለት የአሞኒያ ታንከሮች ሳይፈነዱ ቀሩ፤ ያልተጻፈው ፈነዳ። ቅጽ መሙላት ብቻውን መጋዘንን ማወቅ አይደለም።

ያ ማለት ግን የአሞኒያ ስጋት ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። አሞኒያ በመደበኛ ግፊት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በግፊት ወይም በብርድ ታስሮ ነው። ታንከሩ ሲቀደድ በአንድ ጊዜ ነጭ ጉም ይሆናል። ጋዙ ከአየር ቢቀልም ጉሙ ቀዝቃዛና ጠብታ ያዘለ ስለሆነ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ውሃ ፈላጊ ነው፤ ውሃውን የሚያገኘው ደግሞ በዓይን፣ በጉሮሮና በሳንባ ውስጥ ነው።

በአህጉራችን ሁለት ጊዜ ክፉኛ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1973 በደቡብ አፍሪካዋ ፖቸፍስትሩም የማዳበሪያ ፋብሪካ የአንድ ታንከር ጫፍ ተሰንጥቆ 38 ቶን አሞኒያ አመለጠና 18 ሰዎች ሞቱ። በር ዘግተው፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፈው የቆዩ ሠራተኞች ግን ተርፈዋል። በዳካር ደግሞ ማርች 24 ቀን 1992 በኦቾሎኒ ዘይት ፋብሪካ ከልክ በላይ የተሞላ የአሞኒያ ቦቴ ፈንድቶ 129 ሰው ገደለ። ፈሳሽ ሲሞቅ ያብጣል፤ ቦታ ካላገኘ ብረቱን ይከፍታል። ስለዚህ የአሞኒያ ታንከር ከ85 በመቶ በላይ አይሞላም። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ፍጹም ደረቅ አሞኒያ ብረትን ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል፤ 0.2 በመቶ ያህል ውሃ ሲጨመርበት ስንጥቁ ይገታል። ይህቺ ትንሽ ጠብታ ሳትዘነጋ መጨመሯ፣ ያረጀ የአሞኒያ ማስተላለፊያ ጎማ በጊዜው መቀየሩ፣ ጎማው ቢበጠስ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ መኖሩ ከስንት ሳይረን ይበልጣል። አሞኒያ የነካው ሰው የሚያስፈልገው ወዲያውኑ ውሃ ነው፤ ዓይኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ገበሬያችን ከዩኒየንና ከመሠረታዊ ማኅበር መጋዘን ሲወስዳቸው ከኖሩት መካከል ዩሪያና ኤንፒኤስ ይገኙበታል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረውም ናይትሬት የለበትም፤ ኤንፒኤስም ናይትሬት የለበትም። እንደ ዌስት ክምር አይፈነዱም፤ ማንም በዚህ አይሸበር። እንዲህ ያለ መጋዘን ቢቃጠል ግን ከዩሪያው አሞኒያ ያለበት መርዛማ ጭስ ስለሚነሳ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን መቆም ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ በየዓመቱ የሚያጋጥመው ትንሹ መፍሰስ ነው። የተቀደደ ጆንያ በዝናብ ታጥቦ ወደ ምንጭ ይወርዳል። ደጃፍ ላይ የፈሰሰ ዩሪያ ጨው መስሏት የላሰች ላም፣ ሆዷ ውስጥ በፍጥነት ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ጆንያው ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይደርደር፤ የፈሰሰው ዕለቱን ይጠረግ። ናፍጣና ፀረ ተባይ ኬሚካል በዚያ ጣሪያ ሥር አይደር።

ዩሪያና አሞኒየም ናይትሬት ደግሞ ፈጽሞ አንድ ላይ አይቀመጡ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲሆኑ በመጠነኛ እርጥበት ደርቀው ይቆያሉ፤ ሲነካኩ ግን በበጋ አየር እንኳ ውሃ ስበው ይላቁጣሉ።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ በጆንያ ታሽጎ በጅቡቲ ይመጣልን የነበረው ነገር፣ አሞኒያው ጭምር፣ በእኛው ምድር ሊመረት ነው። መልካም ነው፤ ደስም ይለናል። አሁን፣ ቦታው ገና እየተሠራ ሳለ፣ ለጎዴ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለጤና ጣቢያዎቹ የትኛው ታንከር ውስጥ ምን እንዳለ፣ ቫልቩ የት እንደሚዘጋ፣ ነፋሱ በየወቅቱ ወዴት እንደሚነፍስ በሶማልኛና በአማርኛ ተጽፎ ይሰጣቸው። እናንተም አንባቢዎች፣ ማዳበሪያ ልትወስዱ ስትሄዱ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘውን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ከማዳበሪያው ጎን ምን ተቀምጧል?