ምዕራፍ አራት፦ ጧሪን አስቀድሞ ስለ ማሳደግ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በአማኑኤል በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫ ሲደርስ፣ ከተማይቱን አቋርጦ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የአገሩን ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ልጆች ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባዕድ አገር ሲያወጣ የኖረ መሆኑን ማስተዋሉ አይቀርም። ልጅ በአባቱ ጓሮ ጎጆ ቀልሶ፣ የአባቱን በሬ ጠምዶ፣ የእናቱን የውሃና የእንጨት ሸክም ተረክቦ በሚኖርበት ዘመን ስለ እርጅና መጨነቅ የእግዚአብሔርን ቸርነት እንደ መጠራጠር ይቈጠር ነበር፤ የእርጅናው ስንቅ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ በዓይን ይታይ ነበርና። ዛሬ ግን ያው ልጅ በሩቅ ከተማ የቤት ኪራይ ከፋይና የራሱ ልጆች አሳዳጊ ሆኖ፣ ለወላጆቹ ያለው ፍቅር ሳይቀዘቅዝ አቅሙ ስላጠረበት ብቻ፣ ለዓመት በዓል የሚልከው ገንዘብ ከጥቂት ሳምንት ቀለብ አያልፍም። ይህን የምጽፈው ልጆችን ለመውቀስ አይደለም፤ ወላጅ የሚሆኑት የዛሬ ወጣቶች የነገውን ሸክም ሁሉ ገና ባልተወለደ ልጅ ጫንቃ ላይ እንዳያኖሩት ለማሳሰብ ነው እንጂ።

ሽማግሌዎቻችን ወጣቱን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ» ይላሉ። ጡረታ የሚለው ቃላችንም የተገኘው ከዚሁ ከጦረ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ጡረታ ማለት በመጀመሪያ ከሥራ መሰናበት ሳይሆን በደከሙ ጊዜ የሚደግፍና የሚመግብ ማግኘት ነው። ምርቃቱ ሁለት ነገር አጣምሮ መያዙንም ልብ እንበል። ቀባሪውን ሕዝባችን በጥበቡ አደራጅቶታል፤ በየሰፈሩ እድር አለ፣ ድንኳኑና ዕቃው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ወርኃዊ መዋጮውን የሚያስታጕል ሰው በጎረቤቱ ፊት ያፍራል። ጧሪውን ግን ያደራጀው የለም። ለአንዲት የቀብር ዕለት ዐርባ ዓመት ሙሉ ያለ ማቋረጥ የሚያዋጣ ሰው፣ ከዚያች ዕለት በፊት ለሚመጡት አሥራ አምስትና ሃያ የድካም ዓመታት አንድም ሳንቲም ሳያኖር መቅረቱ፣ ባሰብሁት ቍጥር ያሳዝነኛል። እንዲህ የሚሆነው ሰው ቍጠባን ስለማያውቅ አይደለም፤ መዋጮውን በጊዜው መክፈልን ከእድሩ ተምሮታልና፤ የጎደለው ይህንኑ ትጋት ወደ ራሱ ዘመነ እርግና ማዞር ብቻ ነው።

ለደመወዝተኛው ብቻ ሕግ ጧሪ አዘጋጅቶለታል። መንግሥት የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ በአዋጅ ቍጥር 209/1955 የደነገገ ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን ተመሳሳይ መብት ያገኙት በአዋጅ ቍጥር 715/2003 ነው፤ በሁለቱ መካከል 48 ዓመት አለፈ። በአሁኑ ሕግ ከሠራተኛው ደመወዝ በመቶ 7 ይቈረጣል፣ አሠሪው ደግሞ በመቶ 11 ይጨምርበታል፤ መውጫው ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን ሠላሳ በመቶ ያገኛል፤ ከዐሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፣ ጣሪያውም ሰባ በመቶ ነው። በደምበጫ አንድ መምህር በ25 ዓመቱ ሥራ ጀምሮ 35 ዓመት ቢያስተምርና አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን፣ ጡረታው በወር 6,125 ብር ይሆናል ማለት ነው፤ በ35 ዓመቱ የጀመረው ባልደረባው ግን 4,875 ብር ይዞ ይወጣል። ዐሥር ዓመት ያልሞላ አገልግሎት ያለውማ ወርኃዊ አበል የለውም። እነሆ፣ ሕጉ ራሱ ቶሎ ለጀመረ ሰው ያደላል። ነገር ግን የተሻለው መምህር እንኳ ከደመወዙ ከሲሶ በላይ አጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አንርሳ።

ከዚህ ሕግ ጥላ ውጭ የቀረው ሕዝብ ደግሞ የሚበዛው ነው። ገበሬው ደመወዝ የለውምና የሚቈረጥለት የለም፤ ጠላ ጠምቃ ልጆችዋን ያስተማረችው እናት፣ የገበያው ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊው፣ የአጥቢያው ቀዳሽና መሪጌታ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። የ2003ቱ አዋጅ ለሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞችና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚገቡበትን በር ቢተውላቸውም፣ በሩን ያንኳኳ በአካባቢያችን እምብዛም አይታይም። ለእነዚህ ወገኖች ጧሪው ራሳቸው ያሳደጉት ጥሪት ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥሪት እንዴት ያድጋል? አሁንም ቋንቋችን መልሱን ይዞልናል፤ ባንክ ላስቀመጥነው ገንዘብ የሚከፍለንን ወለድ እንለዋለን፣ ቃሉም ከወለደ የወጣ ነው። ገንዘብ ይወልዳል፣ የወለደውም ካልተነካ መልሶ ይወልዳል፤ ይህንም የወለድ ወለድ ይሉታል። አንዳንድ ምእመናን ወለድ የተባለ ሁሉ አራጣ እየመሰላቸው ይሸሹታል፤ ሥጋታቸው ከንጹሕ ኅሊና የመነጨ ስለ ሆነ በችኰላ ልናልፈው አይገባም። ቤተ ክርስቲያን የከለከለችው አራጣ በተቸገረ ወንድም ላይ የሚጫነው ቀንበር ነው፤ ባንክ ግን ያኖርንበትን ገንዘብ ለሠራተኛና ለነጋዴ አበድሮ ካገኘው ጥቅም ያካፍለናል። በወንጌል ስለ መክሊት በተነገረው ምሳሌም ጌታው ሰነፉን አገልጋይ የወቀሰው መክሊቱን ቀብሮ ከማኖር ይልቅ ለለዋጮች ሰጥቶ ከትርፉ ጋር ሊመልስለት ይገባ ስለ ነበር መሆኑን ልብ ይሏል።

ቍጥሩን በቀላል ስሌት እንየው። የብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም ጀምሮ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቍጠባ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው። በዚህ መጠን (ከወለዱ የሚቈረጠውን ግብር ለጊዜው ትተን) 1,000 ብር ሳይነካ ቢቀመጥ በዐሥር ዓመት 1,967፣ በሃያ ዓመት 3,870፣ በሠላሳ ዓመት 7,612፣ በዐርባ ዓመት 14,974 ብር ይደርሳል። የመጀመሪያው ዐሥር ዓመት ያፈራው 967 ብር ሲሆን አራተኛው ዐሥር ዓመት ብቻውን 7,362 ብር ማፍራቱን አንባቢ ቆም ብሎ ይመልከት። ስለዚህ በሃያ ዓመቱ መጀመር ሲችል እስከ ሠላሳ የዘገየ ሰው፣ የጠፋበት ያ ትንሹ የመጀመሪያው ፍሬ ይመስለዋል፤ በእውነት ግን ያጣው የመጨረሻውን፣ ትልቁን ነው። በልጅነት የተተከለ ጥቂት ገንዘብ በጐልማሳነት ከሚጨመር ብዙ ገንዘብ የሚበልጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ወጣት ድኻ ከባለጸጋ ሽማግሌ የሚበልጥበት ሀብት አለው፣ እርሱም ጊዜ ነው።

ሆኖም ከዚህ ላይ ነገሩን ብናቆም አንባቢን ማሳሳት ይሆንብናል። በ2014 ዓ.ም በአገራችን የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ዓመት መቶ ብር ወልዶ መቶ ሰባት ቢሆንም፣ የሚገዛው እህል ዓመት አስቀድሞ 82 ብር ይገዛው የነበረውን ያህል ብቻ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም ብር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከዶላር አንጻር ዋጋው ወደ ግማሽ ሲወርድ ሁላችን አየነው። የቍጠባ ደብተር እንግዲህ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ የሚሆን ጎተራ ነው እንጂ ለሠላሳ ዓመት ብቻውን የሚበቃ ጧሪ አይደለም። ለጎተራነቱ ግን አስፈላጊ ነው፤ በባንኩ ላይ አደጋ ቢደርስ እንኳ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍን የተቀማጭ ገንዘብ መድን በአገራችን ተቋቁሟል፤ ለገጠሩም ሰው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም) ሳለ የለመደው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም ሩቅ አይደለም። የጥቂት ወራት ቀለብ የሚሆን ገንዘብ በዚያ ሳይኖር ወደ ሌላው መሻገር፣ ክረምት ሲገባ ዘሩን በልቶ እንደ ማደር ያለ ስሕተት ነው።

የጎጃም ገበሬ የብርን ድካም ባንክ ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጥሪቱን በነገር ያኖረዋል። ጊደር ገዝቶ ያረባል፣ በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፍ በእውነት አስተዋይ ሰው የሚመርጠው ጥሪት ነው፤ ከተተከለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጣና ይደርሳል፣ ሲቈረጥም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ዋናው ሳይነካ ወለዱ የሚበላበት ተክል ብንለው አልተሳሳትንም። ዳሩ ግን ውሃ ይጠጣል፣ የጎረቤትንም ሰብል ያደክማል፤ በእርሻ ማእከል የተከለው ሰው ጥሪቱን በወንድሙ ኪሣራ ያሳደገ ይሆናል። ደግሞም ሁሉን በአንድ ነገር ላይ መጣል የሚያስከትለውን ጉዳት ከእኛ ሩቅ ባልሆነው በአዊ አይተነዋል፤ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ብዙ ቤት ካቀና በኋላ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ተስፋቸውን የጣሉበትን ሰዎች ጎዳ። በከተማ ደግሞ ብዙዎች የእርጅናቸውን ተስፋ በኪራይ ቤት ላይ አኑረው ሳለ፣ በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ትርፍ ቤቶችን በሙሉ የመንግሥት አደረጋቸው። ሰው የዘመንን መለወጥ ሊከለክል አይችልም፤ ጥሪቱን በከብት፣ በዛፍ፣ በቤትና በገንዘብ ከፋፍሎ ማኖር ግን ይችላል፣ ያን ጊዜ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣዋል።

ከእነዚህ የአባቶች ጥሪቶች ጋር ሊቈጠር የሚገባው አዲሱ ነገር አክሲዮን ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው ለድርጅቱ አበዳሪ ሳይሆን የድርጅቱ ተካፋይ ባለቤት ነው፤ ድርጅቱ ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይቀበላል፣ ሲከስርም ከኪሣራው ይካፈላል። የሸቀጥ ዋጋ ሲወጣ የደኅና ድርጅት ገቢም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል፣ ለረጅም ዘመን በታገሠው ሰው እጅ ከቍጠባ ደብተር የተሻለ የዋጋ ንረት ጋሻ ሊሆን ይችላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት በአብዮቱ ተቋርጦ ከቈየ በኋላ፣ በአዋጅ ቍጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ተከፍቷል። ከዚያ በፊት ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኖቹን ለሕዝብ ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ሊገዛ የሚቻለውም ትንሹ ቍጥር 33 ስለ ነበር፣ 9,900 ብር የቈጠበ ሰው በደምበጫ ተቀምጦ በስልኩ በቴሌብር ሊገዛ ይችል ነበር። ይህን ስጽፍ ሁሉ ሰው ይግዛ ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ ተገዝቶ ነገ የሚሸጥ ዕቃ አድርጎ የሚያስበው ሰው ባይነካው ይሻለዋል። በሦስት ወር ገንዘብህን እጥፍ አደርግልሃለሁ፣ ብቻ ሌላ ሰው ይዘህ ና የሚል ሰው ሲመጣ ግን፣ ጎረቤት ቢሆንም ዘመድ ቢሆንም፣ የኋለኛውን መጪ ገንዘብ ለፊተኛው እያደለ ነውና መሸሽ ነው።

ስንት ይቈጠብ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉ የሚሆን ልክ የለም። ዮሴፍ በግብፅ ምድር በጥጋቡ ዘመን ያስከማቸው አምስተኛውን እጅ መሆኑን መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል፤ ደመወዝተኛው ከመቶ ዐሥሩን ቢጀምር እንኳ መልካም ነው፣ ዋናው ደመወዙ በእጁ በገባበት ዕለት ማስቀመጡ ነው። ለገበሬው ግን ወሩ ሁሉ እኩል አይደለም። ገንዘብ በቤቱ የሚገባው አዝመራው ተሰብስቦ ጤፉና በርበሬው ሲሸጥ ነው፤ ወዲያው ግን የጥር ሠርግ፣ ከዚያም ተዝካሩና ድግሱ ተከታትለው ይመጣሉ። ስለዚህ የእርጅናው ድርሻ መለየት ያለበት ድግሱ ከመታሰቡ በፊት፣ በአውድማው ሳለ ነው። እቁብ የሚጥሉም ሰዎች ዕጣው ሲደርሳቸው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ስለሚያገኙ፣ በእጃቸው ሳይበተን ጊደር ወይም አክሲዮን ቢገዙበት፣ ወለድ የማያስገኘው እቁብ በዚህ መንገድ የጥሪት መነሻ ይሆናል።

በመጨረሻ ለደመወዝተኛው አንድ ነገር ልለምን። የጡረታ ዕድሜ የሚቈጠረው ሠራተኛው በመጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው ቅጽ ላይ በተመዘገበው የልደት ቀን ነው፤ የአገልግሎት ዘመንም የሚታወቀው በቅጥር ደብዳቤና በደመወዝ መዝገብ ነው። አንባቢ ሆይ፣ መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከሆንህ በዚህ ሳምንት የግል ማኅደርህን አስፈቅደህ ተመልከት፣ የልደት ቀንህንና የትዳር ጓደኛህን የልጆችህንም ስም አረጋግጥ፣ የቅጥር ደብዳቤህን ቅጂ በቤትህ አኑር፤ በስድሳ ዓመትህ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ስትንከራተት እንዳትውል፣ ይህን ዛሬ አድርገው።