በአራተኛው ወር የሚመጣ ጠያቂ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እረዳለሁ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ባለው አቀበት ግራና ቀኝ ብዙ ቤት እገባለሁ። ሰፈሩ ተዳፋት ነው፤ ብዙው ግቢ በድንጋይ ደረጃ ነው የሚወጣው፣ መጸዳጃው ከጓሮ ነው፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጤነኛውንም ያንሸራትታል። በሆስፒታል ኮሪደር ዎከር ይዘው ደህና ይራመዱ የነበሩ ሰው እዚህ ሲመጡ ደፉን መሻገር ያቅታቸዋል። ስለዚህ ገና ስገባ ታማሚውን ብቻ አላይም፤ የአልጋውን ከፍታ፣ እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታማሚውን የሚያነሣው ማን እንደሆነ አያለሁ።

የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ያላገባች ልጅ፣ ወይም ሚስት፣ ወይም ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ። ሌላው ቤተሰብ አይወዳቸውም ማለት አይደለም። ወንዶቹ ልጆች ለመድኃኒቱ ይከፍላሉ፣ ውጭ አገር ያለችው ዊልቸር ትልካለች። ሌሊት ተነሥታ የምታገላብጠው ግን ያቺው አንዷ ናት። ማገላበጡ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ካልተለወጠ ዳሌውና ታፋው ይቆስላል፣ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል።

አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔን ላንሣ። በልጅነታቸው ከጋሞ መጥተው ዕድሜያቸውን በሽመና ያሳለፉ አባት ናቸው። ግፊት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ ክኒኑን ግን ራስ ምታት ሲሰማቸው ብቻ ነበር የሚወስዱት። ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም ሳያሳይ ነው የሚጎዳው። አንድ ጠዋት ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፣ አንደበታቸውም ተያዘ። በአንጎላቸው የግራ ክፍል ደም ፈስሶ ነበር። በእኛ አገር ደም በመፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ ድርሻው ከበለጸጉት አገሮች ከፍ ያለ ነው፤ ካልታከመ ግፊት የሚመጣውም ብዙ ነው።

ቤታቸው የደረስኩ ቀን ልጃቸው እጇን በብብታቸው አስገብታ ከአልጋ ልታነሣቸው ትጎትታለች። እሳቸው ቀኝ ትከሻቸው ሲነካ ይጮኻሉ። የተመታው ክንድ ጡንቻው ሲላላ የትከሻው አጥንት ከመገጣጠሚያው ዝቅ ይላል፤ በብብት ይዞ መጎተት ያንን ያባብሰዋል። «ታዲያ እንዴት ላድርግ ዶክተር? አባዬ ይከብደኛል እኮ» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ነግረዋታል፤ ሰው እንዴት እንደሚነሣ ያሳያት የለም።

መቀነቷን ተቀብዬ በአባቷ ወገብ ላይ አሰርኩት። መጀመሪያ በጎናቸው አዞርናቸው፣ እግራቸውን ከአልጋው አወረድን፣ ሁለቱም ተረከዛቸው መሬት መንካቱን አየን። ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ቆማ የደከመውን ጉልበታቸውን በራሷ ጉልበት ደገፈች፣ በሁለት እጇ መቀነቱን ያዘች። «ጋሼ፣ ወደ እሷ ጎንበስ ይበሉ» አልኳቸው። ሰው ከመቀመጫው የሚነሣው ወደ ፊት አጎንብሶ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠን ሰው ወደ ላይ መሳብ የሁለት ሰው ጉልበት ይበላል። ጎንበስ አሉ፣ ቂጣቸው ከአልጋው ተነሣ፣ ቆሙ። ልጅቷ «ይኼው ነው?» ብላ አየችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወገቧን ይዛ ስታለቅስ የከረመችው ይህን የሚያሳያት ሰው ስላጣች ነው።

በየቤቱ የማየው ሌላው ነገር ጉርሻ ነው። ቀኝ እጅ ሲዝል ታማሚው በግራው መብላት ያፍራል፤ ግራ እጅ በእኛ ማዕድ ላይ ነውር ነው። ቤተሰቡም እንዳይሸማቀቁ ብሎ ያጎርሳቸዋል። ፍቅሩ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ጥሩ አይደለም። አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው በመደጋገም ነው፣ ትልቁ ለውጥም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ይታያል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አይቆምም። ያንን ጊዜ ሙሉ ሌላ ሰው ካጎረሰ፣ ካለበሰ፣ ካጠበ እጁ የሚማርበት አጋጣሚ የለም። ለሸማኔው ትንሽ ቁራሽ እንጀራ በቀኝ ጣቶቻቸው መሐል እናስቀምጥና ልጅቷ ክርናቸውን ብቻ ትደግፋለች። ብዙው ይወድቃል። አንዱ አፋቸው ይደርሳል። የሽመና መወርወሪያቸውንም ከተሰቀለበት አውርደን ሰጠናቸውና ከእጅ እጅ ማቀበል ጀመሩ፤ እኔ ካመጣሁት የላስቲክ ኳስ ይልቅ እሱን ሲይዙ ጣቶቻቸው ቶሎ ይታዘዛሉ።

ስለ መዋጥ አጭር ነገር ልበል። የሚያንቀው ወይም ሲጠጣ የሚያስለው ታማሚ ተኝቶ አይመገብ፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በልቶም ወዲያው አይተኛ። ቀጭን ውኃ ትን የሚለውን ሰው ወፈር ያለ አጥሚት ላይለው ይችላል፤ ይህንን ግን መዋጡን የመረመረ ባለሙያ ይወስን።

ታማሚው ቁጡ ሲሆን ወይም ያለ ምክንያት ሲያለቅስ ቤተሰቡ «ጠባዩ ተለወጠ» ይላል። ከ3 ስትሮክ የመታቸው ሰዎች አንዱ የድባቴ ሕመም ያገኘዋል፤ ይታከማልም። ስለ አስታማሚዋ ድባቴ ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

እንጦጦ ላይ ስሠራ ስለ ጠበል መነጋገር ግድ ነው። ብዙ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በሰው ጀርባና በቃሬዛ ወደ ጠበሉ ይወጣሉ፣ ቤተሰቡም ከአልጋው ዳር የማያገኘውን ተስፋ እዚያ ያገኛል። እኔ የምፈራው ጠበሉን አይደለም፤ በባዶ ሆድ ለመጠመቅ ሲባል የግፊት ክኒን መቋረጡን ነው፤ ሁለተኛው ስትሮክ በዚያ በኩል ሊመጣ ይችላል። ይህ ተራራ ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አይቶታል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጠበሉንም እንዲጠቀሙ በይፋ አስተምረው ነበር። የግፊት ክኒንም እንዲሁ ነው። ሐኪሙን ካማከሩ የመውሰጃው ሰዓት ከጠበሉ ጋር የሚስማማበት መንገድ አይጠፋም።

ሸማኔው ዛሬ በከዘራ እስከ መጸዳጃ ይሄዳሉ። ንግግራቸው ገና ነው፤ መጀመሪያ የወጣላቸው ቃል በጋሞኛ ስለነበረ ልጆቻቸው አልገባቸውም፣ የሸማኔው እህት ናት ያስተረጎመችላቸው። ከዚያ ወዲህ እህትየዋ ሳምንት በሳምንት መጥታ ታጫውታቸዋለች፤ ያን ጊዜ ልጅቷ ትተኛለች። በዚያ ቤት ካየሁት ለውጥ ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው።

በመጀመሪያው ወር ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ሰው ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይገባል፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላል፣ ቡና ይፈላል፤ ቡናውን የምታፈላውም ስኒውን የምታጥበውም ሌሊት ያልተኛችው አስታማሚ ናት። በአራተኛው ወር ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም፤ ሥራው ግን ያው ነው፣ ገንዘቡም አልቋል፣ ልጅቷም ከሥራ ቀርታለች። ዕድራችን ለቀብር ድንኳን ተካይ፣ ወጥ ሠሪ፣ አዳሪ በተራ መመደብ ያውቅበታል። በሕይወት ላለ ሰውም ተራ ማውጣት አያቅተውም። እናንተም ስትሮክ የመታው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ በአራተኛው ወር ሂዱ። ብርቱካኑ ይቅር፣ ቡናም አታስፈሉ። እንዴት እንደሚገላበጥ ተማሩና አስታማሚዋ ተኝታ እስክትነሣ ድረስ ሦስት ሰዓት ተቀመጡላት።