ሰሊጥ ሲደርስ የማን ሰዓት ይቆጠራል?

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ የመተማና የቋራ ቆላ በሰሊጥ አጨዳ ይጠመዳል። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ቅጠሉ ረግፎ የፍሬው ሽፋን መቢጨት ከጀመረ በኋላ አጨዳው ከዘገየ፣ ሽፋኑ ከጫፉ ተከፍቶ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህም ከደጋ የወረደው ወቅታዊ ሠራተኛ ሌት ተቀን እንዲሮጥ ይጠበቃል።

እንደሚታወቀው ከዚህ ሁሉ አጫጅ ጀርባ ወጥ ሠሪዋ አለች። አጫጁ ጎህ ሳይቀድ እንዲወጣ እርሷ ቀድማው እሳት ታነዳለች፣ የማሽላ እንጀራ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች። እርሱ ሲተኛ እርሷ ዕቃ ታጥባለች። የአጫጁ ነዶ ይቆጠራል፤ የእርሷን ሰዓት ግን ማን ይቆጥረዋል?

ሕጉ ይቆጥረዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊያልፍ አይችልም። አዋጁ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት በሰው ቤት የሚቀጠሩትን አይመለከትም፤ ለገበያ በሚያመርት እርሻ የተቀጠረች ወጥ ሠሪ ግን እንደ አጫጁ ሁሉ የእርሻው ሠራተኛ ናት።

ለምሳሌ መደበኛ ሥራዋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጀምር አንዲት እህት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ሁለት ሰዓት ጋገረች፣ ማታም ሁለት ሰዓት ጨመረች እንበል። ከንጋት በፊት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75፣ የማታው እስከ 4 ሰዓት ድረስ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ስለዚህ አራቱ ሰዓቶች የስድስት ሰዓት ተኩል ደመወዝ ያስገኛሉ። እንዲህ ከሠራች ግን በሦስተኛው ቀን የሳምንቱ ጣሪያ ሞላ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የሌሊትም ሆነ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሊሰጣት አይገባም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚህ ቆላ የሚታወቀውን ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በብዛት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከአጎበር ውጭ በእሳት ዳር የሚያልፍ እያንዳንዱ የሌሊት ሰዓት በጤና የሚከፈል ዋጋ አለው።

«ታዲያ ሰሊጡ ይርገፍ?» የሚል ባለ እርሻ አይጠፋም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በእንግሊዝ ጥይት ፋብሪካዎች የተሰማሩ ሴቶችን ሥራ የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ረጅሙ የሥራ ሰዓት ሲያጥር ጠቅላላው ምርት እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም እንደጨመረ አረጋግጠዋል። የደከመ እጅ ብዙ ሰዓት ይሠራል እንጂ ብዙ አያመርትም። በሰሊጥማ ይብሳል፤ የደረቀውን ነዶ በድካም የወረወረ አጫጅ ያተረፈው ሰዓት ሳይሆን የረገፈ ፍሬ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አንዲት ወጥ ሠሪ ለብዙ ሰው ከምትደክም ሁለት ተቀጥረው በፈረቃ ቢሠሩ፣ ውኃና እንጨት በተሽከርካሪ ቢቀርብ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓትም በደብተር ቢጻፍ ሥራው አይጓደልም። እህቶቻችንም ከመቀጠራቸው በፊት ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይጠይቁ፤ ማንበብ የማይችሉ በሚያምኑት ሰው ያስጽፉ። ነዶን በጥንቃቄ የሚቆጥር ባለ እርሻ ሰዓት መቁጠር አያቅተውም።