ጠበኞቹ የት ቆመዋል? ፊልም የሁለት ሰዎችን ግጭት የሚያሳይባቸው ስልቶች

በቲያትር መድረክ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ተመልካቹ ሁለቱንም ከአንድ ወንበር፣ ከአንድ ርቀት ያያቸዋል። ፊልም ላይ ግን ማንን እንደምናይ፣ ምን ያህል እንደምንጠጋና በማን ዓይን እንደምንመለከት አስቀድሞ ተወስኖልናል። የሲኒማ ታላላቅ ጠቦች ከስድቡና ከጩኸቱ ይልቅ በዚህ ውሳኔ የሚታወሱት ለዚህ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ፍሬም ይጋራሉ ወይስ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ታጥረዋል? በመካከላቸው ምን ቆሟል? ማን ገዝፎ ይታያል? ምንስ እንሰማለን? ከዚህ በታች የሚነሡት ፊልሞች ከተለያየ አገርና ዘመን የመጡ ቢሆኑም ሁሉም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሰጥተዋል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ርቀት

የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» (1941) የአንድን ትዳር መፍረስ በጥቂት ደቂቃ ይተርካል። በዚህ ክፍል የጋዜጣ ባለቤቱ ኬንና የመጀመሪያ ሚስቱ ኤሚሊ የሚታዩት በተከታታይ ቁርሶች ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ተቀራርበው ይሽኮረመማሉ። ከዚያ በኋላ እሱም እሷም በየራሳቸው ፍሬም ይቀርባሉ፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ንግግሩ እያጠረና እየመረረ ይሄዳል። በመጨረሻው ቁርስ ላይ ጭራሽ አይነጋገሩም፤ እሷም የምታነበው የባሏን ተቀናቃኝ ጋዜጣ ነው። ካሜራው ወደ ኋላ ሲሸሽ በረጅም ጠረጴዛ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው እናያቸዋለን። የፍቅሩ መጨረሻ የሚለካው በዚያ ጠረጴዛ ርዝመት ነው።

መለየትና መጋራት

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በብዛት የሚቀረጹት አንዱን ከሌላው ትከሻ በስተኋላ ሆኖ በማፈራረቅ ነው። ተመልካቹ እንዳይምታታም ካሜራው በሁለቱ መካከል ካለው ምናባዊ መስመር በአንድ ወገን ይቆያል፤ ስለዚህ አንደኛው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ ያያል። ማይክል ማን ይህን የተለመደ ስልት በ«ሂት» (1995) ወደ ላቀ ደረጃ አድርሶታል። መርማሪው አል ፓቺኖና ዘራፊው ሮበርት ደ ኒሮ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ዳይሬክተሩ ሁለት ካሜራዎች በአንድ ጊዜ አስነሥቶ ስለቀረጻቸው በአንዱ ፊት ላይ የምናየው ስሜት በዚያችው ቅጽበት ሌላው ለተናገረው የተሰጠ ምላሽ ነው። የአንዱን ፊት ስናይ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶናል። ሰዎቹ ይከባበራሉ፣ ይግባባሉም፤ አቀራረጹ ግን አብረው መኖር እንደማይችሉ አስቀድሞ ይነግረናል።

ኢራናዊው አስጋር ፋርሃዲ በ«ኤ ሴፓሬሽን» (2011) የተቃራኒውን መንገድ ይመርጣል። ፍቺ የጠየቀችው ሲሚንና ባሏ ናደር በፊልሙ መክፈቻ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ያልተቆረጠ ሾት፣ ወደ ካሜራው እያዩ ይከራከራሉ። ካሜራው ያለው በዳኛው ቦታ ስለሆነ ፍርዱ በእኛ ላይ ይወድቃል። አንድ ፍሬም መጋራታቸው ጠቡን አላቀለለውም። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ቆርጦ ወደ አንዱ በመሄድ የሚያሳርፈን ግን የለም። ፊልሙ ሲያልቅ የልጃቸውን ውሳኔ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ሲጠብቁ በመካከላቸው የመስታወት ክፍልፍል ቆሟል።

መስታወት ከዚያ በፊትም ብዙ ተናግሯል። በአኪራ ኩሮሳዋ «ሃይ ኤንድ ሎው» (1963) የጫማ ፋብሪካ ኃላፊው ጎንዶ ከኮረብታ ላይ ቤቱ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ያያል፤ ልጅ ጠልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ወጣት ደግሞ ከታች፣ ከድሆች ሰፈር፣ ያንን ቤት ሽቅብ እያየ ጥላቻውን ያሳድጋል። በመጨረሻ በእስር ቤት መስታወት ግራና ቀኝ ሲገናኙ የአንዱ ነጸብራቅ በሌላው ፊት ላይ ያርፋል። የለያያቸው ነገር ራሱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያሳየናል።

የካሜራ ከፍታ፣ ሌንስና ዓይን

የሲድኒ ሉሜት «ቱዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957) ከሞላ ጎደል በአንድ ክፍል ያልቃል። በነፍስ ግድያ በተከሰሰ ወጣት ላይ ለመወሰን ከተቀመጡት 12 ሰዎች መካከል ሄንሪ ፎንዳና ሊ ጄ. ኮብ ዋነኞቹ ተፋላሚዎች ናቸው። ሉሜት ካሜራውን መጀመሪያ ከዓይን ከፍታ በላይ፣ ቀጥሎ በዓይን ትክክል፣ በስተመጨረሻ ደግሞ ከዓይን በታች አደረገው። ሌንሱንም እየቆየ ወደ ረጅም ቀየረው፤ ረጅም ሌንስ ከሰው ጀርባ ያለውን ወደፊት ስለሚያቀርብ ግድግዳው በተከራካሪዎቹ ላይ የሚዘጋ፣ በካሜራው ዝቅታም ጣሪያው የሚጫን ይመስላል። ተመልካቹ ዘዴውን ልብ ሳይል ትንፋሽ ያጥረዋል።

ጆናታን ዴሚ በ«ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» (1991) በዓይን ይሠራል። ነፍሰ ገዳዩ ሌክተር በቀጥታ ሌንሱን ሲመለከት ወጣቷ ሰልጣኝ ክላሪስ ግን ከሌንሱ ትንሽ ፈንጠር ብላ ታያለች። ስለዚህ የእሱ እይታ እኛን ይወጋል፤ ሳናውቀውም በእሷ ወገን እንቆማለን። የእስር ክፍሉ ከብረት ዘንግ ይልቅ በወፍራም መስታወት መዘጋቱም ፊቱን የሚቆራርጥ አንዳች ነገር አላስቀረም።

ድምፅና ዝምታ

በፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ጎድፋዘር» (1972) ማይክል ኮርሊዮኒ ከጠላቱ ሶሎዞ ጋር ምግብ ቤት ይቀመጣል። ሶሎዞ በጣልያንኛ ይናገራል፤ የግርጌ ትርጉም ግን የለም። ቃሉን መከተል የማይችል ተመልካች የማይክልን ፊት ከማንበብ ሌላ አማራጭ አይኖረውም። የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች ደግሞ ሙዚቃ በማስገባት ፈንታ የማይታይ ባቡር ጩኸት አመጣ። ጩኸቱ እየጎላ ሲመጣ የምንሰማው የማይክልን ውስጥ ነው፤ ሙዚቃው የሚገባው ተኩሱ ካበቃ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለአገራችን ፊልም ሠሪዎች የሚተርፍ ትልቅ ትምህርት አለ። የአማርኛ ፊልም በአብዛኛው በትንሽ በጀት ስለሚሠራ የጠቡን ሸክም ለንግግር መተው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን እዚህ የተነሡት ስልቶች ጠረጴዛ፣ የመስታወት በር፣ የካሜራ ከፍታና ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ናቸው፤ ከገንዘብ ይልቅ ሐሳብ ይጠይቃሉ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ወይም ሁለት ባልንጀሮች የሚጣሉበት ትዕይንት ሲጻፍ፣ ምን እንደሚባባሉ ከመወሰኑ በፊት የት እንደሚቆሙ፣ በመካከላቸው ምን እንዳለና ካሜራው ከማን ጋር እንደሚወግን ሊወሰን ይገባል። ይህ ከታወቀ ከንግግሩ ግማሹ ሳያስፈልግ ይቀራል፤ የቀረውም ግማሽ ክብደት ያገኛል።