«ደህና ነኝ ልጄ» ስትልህ ቶሎ አትመን!

ወዳጄ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አገር ቤት ደውለህ እናትህን «እንዴት ነሽ?» ያልካት መቼ ነው? «ባለፈው እሁድ» ካልክ ጎበዝ ነህ። ግን ምን አለችህ? «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ!» አይደል? በቃ... ስልኩ ተዘጋ፣ ኅሊናህም አረፈ።

አንድ የያዮ ልጅ እንዲህ እያለ ነው ዓመቱን የፈጀው። እሱ አዲስ አበባ ተቀጣሪ ነው፤ እናቱ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ኢሉባቦር፣ የቡናው ደን አጠገብ። ለፋሲካ ሲሄድ ያየውን ማመን አቃተው። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ከአልጋ ደግፋ የምታነሳት የጎረቤት ልጅ ናት። ማጀት ከገባች ወራት አልፏል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ቢላት፣ «አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችው።

እውነቷን ነው! «እንዴት ነሽ?» ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም።

ፈረንጆቹ ይህ ነገር ቀድሞ ገብቷቸዋል። ዶክተር ሲድኒ ካትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ስድስት ጥያቄ ያለው መመዘኛ አወጡ። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሕግ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች እያንዳንዱን ነዋሪ በየጊዜው እየመዘኑ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲያወጡለት አስገደደች። ከ1998 ጀምሮ መረጃው በኮምፒውተር ይላካል። ነዋሪው ሲገባ፣ ከዚያም በየ3 ወሩ ይመዘናል።

እኛ ጋ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ቢኖሩም፣ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በገዛ ቤቱ ነው። መንከባከቢያው ያ ቤት ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ አንተ፣ እህትህና ጎረቤት! ኮምፒውተሩስ? ኪስህ ውስጥ አለ።

እነዚህን ስድስቱን ስልክህ ላይ ጻፋቸው፦

1. ገላዋን ብቻዋን ትታጠባለች?
2. ልብሷን ራሷ ትለብሳለች?
3. መጸዳጃ ቤት ያለ ደጋፊ ደርሳ ትመለሳለች?
4. ከአልጋና ከወንበር ራሷ ትነሳለች?
5. ሽንትና ሰገራዋን ትቆጣጠራለች?
6. የቀረበላትን ምግብ ራሷ ትጎርሳለች?

ለ«አዎ» 1፣ ለ«አይ» 0 ስጥና ደምር። በየወሩ ቀኑን ጽፈህ መዝግብ። ባለፈው ወር 6 የነበረው ዘንድሮ ወር 4 ከሆነ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው።

ግን አደራ! ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ ሳለ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገህ ስለ ሽንት እንዳትጠይቃት። እንዲህ ያለውን እህትህ ለብቻዋ ትጠይቃት። አረማመዷን በቪዲዮ ማየት ከፈለግህም አስፈቅዳት፤ ሰውም አጠገቧ ይቁም። ኔትወርኩ እምቢ ካለ አጭር ቪዲዮ ቀርፀው ይላኩልህ።

መመዘኑ ብቻ ዋጋ የለውም። እያንዳንዷ «0» ስምና ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ማን? መቼ? ገላዋን የሚያጥባት ማን ነው? ማታ ወደ ደጅ የሚደግፋት ማን ነው? የምትረዳትን ልጅ ደግሞ በምርቃት ብቻ አትሸኛት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለልህ፤ በየወሩ ክፈላት።

የደም ግፊት መለኪያ ከገዛህላትም አጠቃቀሙን አስተምር። 5 ደቂቃ አርፋ፣ ጀርባዋን ደገፍ ብላ፣ ክንዷን በልቧ ትይዩ አሳርፋ ትለካ። ቡና ከጠጣች ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ያዮ ላይ ይቺ ትከብዳለች መቼም! ቁጥሩ በተደጋጋሚ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ትሂድ። አፏ በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ ጎኗ ከዛለ ወይም አንደበቷ ከተያዘ ግን ምዝገባውን ተወው፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል!

ያ የያዮ ልጅ ዛሬ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ይደውላል። መጀመሪያ ወጉን ያወራል፤ ከዚያ «እማዬ፣ ዛሬ ከአልጋ ማን አነሳሽ?» ይላታል። እሷም «ደግሞ ፈተናህን ጀመርክ!» ብላ ትስቃለች። ትስቃለች እንጂ አሁን እውነቱን ትነግረዋለች።

አንተስ? የፊታችን እሁድ ምን ብለህ ትጠይቃት ይሆን?