ብሪታኒያ ባሕሩን የገዛችበት ብድር

በሰኔ 1667 የሆላንድ የጦር መርከቦች በሜድዌይ ወንዝ ሽቅብ ዘልቀው በቻተም የቆሙትን የእንግሊዝ መርከቦች አቃጠሉ። ወንዙን ለመዝጋት የተዘረጋውን የብረት ሰንሰለት ጥሰው አለፉ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኩራት የነበረውን «ሮያል ቻርልስ»ን ደግሞ እሳት ሳይነካው ጎትተው ወደ አገራቸው ወሰዱት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ውርደት ሥሩ ገንዘብ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ታላላቆቹን መርከቦች አስታጥቆ ባሕር ላይ የሚያቆይበት ስላልነበረው ወደብ ላይ አስሯቸው ነበር። መርከበኞቹ በደመወዝ ፋንታ «ቲኬት» የሚባል የዕዳ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ወረቀቱን ለንደን ይዘው ሲሄዱ በቶሎ የሚከፍላቸው ስለማይገኝ፣ ቤተሰብ የሚርበው ሰው ከዋጋው በታች ለነጋዴ ይሸጠዋል። በባሕር ኃይሉ አስተዳደር ውስጥ ሹም የነበረው ሳሙኤል ፔፒስ በዕለት ማስታወሻው እንደጻፈው፣ ወንዙን ከወረሩት የሆላንድ መርከቦች ላይ በእንግሊዝኛ የሚጮኹ መርከበኞች ድምፅ ይሰማ ነበር። ጠላት የሚከፍለው በጥሬ ገንዘብ ነበርና ወደ ጠላት ገብተው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ንጉሡ ለለንደን የወርቅ አንጥረኛ አበዳሪዎች የሚገባውን ክፍያ አቆመ፤ ከእነሱም የከሰሩ ነበሩ።

ስለ ብሪታኒያ የባሕር ኃያልነት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአድሚራል ኔልሰን ጀግንነት፣ የመድፈኞቹ ፍጥነት፣ የደሴቲቱ አቀማመጥ ነው። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን በ1667ም ደሴቲቱ ያው ደሴት፣ መርከበኛውም ያው መርከበኛ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው የመንግሥቱ የመክፈል አቅምና የመክፈል ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለውጡን ያፋጠነው ሌላ ሽንፈት ነበር። በ1690 ቢቺ ሄድ አጠገብ የሉዊ 14ኛ ባሕር ኃይል የእንግሊዝንና የሆላንድን ጥምር ኃይል ድል ነሳና የእንግሊዝ ቻናል ለጊዜው በፈረንሳይ እጅ ወደቀ። በ1692 ላ ሆግ ላይ ጥምሩ ኃይል ብድሩን ቢመልስም ጦርነቱ ገንዘብ እየበላ ቀጠለ። በ1694 ፓርላማው አዲስ መንገድ ሞከረ። የግል ባለሀብቶች 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለመንግሥት እንዲያበድሩ፣ በምላሹም የእንግሊዝ ባንክ ተብሎ እንዲቋቋሙ ፈቀደ። ወለዱ 8 በመቶ ነበር። ከዘመኑ ንጉሥና ንግሥት ጀምሮ ከ1,200 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ገንዘቡ በ12 ቀን ሞላ።

ስለ ባንኩ መመሥረት ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ከባንኩ ይልቅ የሕጉ አንድ ክፍል ያስገርመኛል። ለወለድና ለባንኩ አስተዳደር በየዓመቱ የሚከፈለው 100 ሺህ ፓውንድ ከየት እንደሚመጣ ሕጉ ራሱ ይናገራል፦ በመርከቦች የጭነት መጠን ላይ ከሚጣል ቀረጥ፣ እንዲሁም ከቢራና ከሌሎች መጠጦች ግብር። አበዳሪው የሚያምነው የንጉሡን ቃል አይደለም፤ የታወቀ የገቢ ምንጭንና ገቢውን የሚቆጣጠረውን ፓርላማ ነው። ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ባለመሬቶችና ነጋዴዎች፣ ብዙዎቹም ራሳቸው አበዳሪዎች ነበሩ። ዕቁብ የሚጥል ሰው ሰብሳቢውንና ዳኛውን ሳያውቅ እንደማይጥል ሁሉ፣ የለንደን ባለገንዘብም ሣጥኑን የከፈተው ቁልፉ በራሱ ወገን እጅ መግባቱን ካየ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ በተዋጋችባቸው ረጃጅም ጦርነቶች ሁሉ ብሪታኒያ ተበድራለች፤ ስትበደር ግን ወለዱ እየረከሰላት ሄደ። በ1750ዎቹ መጀመሪያ የተበታተኑ የዕዳ ሰነዶችን ሰብስባ «ኮንሶል» በተባለ በ3 በመቶ ወለድ በሚከፈል ሰነድ አዋሐደቻቸው። ሰነዱ የመመለሻ ቀን አልነበረውም። ባለሰነዱ ዋናውን ገንዘብ መልሱልኝ ማለት አይችልም፤ ሲፈልግ ግን ገበያ ላይ ሸጦ ይወጣል። በ8 በመቶ እና በ3 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት በመርከብ ሲተመን እጅግ ብዙ ነው፤ በዚያው የወለድ ክፍያ ከእጥፍ በላይ የሆነ ባሕር ኃይል ማቆም ይቻላል ማለት ነውና።

ከብድሩ ጀርባ የቆመው ግብር ነበር። ዋናው ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ያልሆነው ኤክሳይዝ ታክስ ነው፤ በቢራ፣ በብቅል፣ በሳሙና፣ በሻማ፣ በጨው ላይ የተጣለው። በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰብሳቢዎች ነበሩ። ሒሳብ ተፈትነው የሚገቡ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር እንዳይሞዳሞዱ ከቦታ ቦታ የሚዛወሩ፣ በየጠማቂው ቤት በርሜል እየለኩ የሚመዘግቡ ሰዎች። ፒተር ማታያስና ፓትሪክ ኦብራየን የተባሉ የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎች በ1976 ባወጡት ጥናት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ከገቢው አንጻር ከፈረንሳዊው የበለጠ ግብር ይከፍል እንደነበር አሳይተዋል። ልዩነቱ ፈረንሳይ ግብር መሰብሰቡን በጨረታ ለግል የግብር ኮንትራተኞች መስጠቷና መኳንንቱን ከብዙው ግብር ነጻ ማድረጓ ነው። ሰብሳቢው የራሱን ቆርጦ የሚያስገባው ገንዘብ ለአበዳሪ አስተማማኝ ዋስትና አይሆንም።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ካላየን ግን ነገሩ በአየር ላይ ይቀራል። «ቪክቶሪ» የተባለችው መርከብ በ1765 ባሕር ላይ ስትወርድ 63,176 ፓውንድ ወጥቶባታል፤ 6,000 ያህል ዛፍ፣ አብዛኛው ኦክ፣ ለእሷ ብቻ ተቆርጧል። ለምሰሶው የሚሆን ረጅም ጥድ ከሪጋ፣ የገመዱ ቃጫ ከሩሲያ፣ ዝፍቱ ከባልቲክ አገሮች ይመጣል። ባልቲክ ከተዘጋ ባሕር ኃይሉ ይሽመደመዳል። ብሪታኒያ በ1801 እና በ1807 ኮፐንሃገንን ስታጠቃ ከምክንያቶቿ አንዱ ይኸው ስጋት ነበር። ቻተም፣ ፖርትስመዝ፣ ፕሊመዝ ያሉት የመንግሥት የመርከብ ግንባታና ጥገና ስፍራዎች ፋብሪካ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ተቋማት ነበሩ።

ቀለብም አለ። ለአንድ መርከበኛ በቀን አንድ ፓውንድ ደረቅ ብስኩትና አንድ ጋሎን ቢራ ይመደባል፤ በሳምንት ደግሞ የጨው ሥጋ፣ አተር፣ አጃ፣ ቅቤና አይብ። ይህን የሚያቀርቡት ነጋዴዎች የሚከፈላቸው ወለድ በሚያስገኝ የባሕር ኃይል ሰነድ ነበር። ሰነዱን ለንደን ገበያ ላይ መሸጥ ይቻላል፤ እንደሚከፈል ስለሚታመንም ነጋዴው ዋጋውን አይቆልልም። በ1759 አድሚራል ሆክ የፈረንሳይን ባሕር ኃይል ብረስት ወደብ ውስጥ ለወራት ዘግቶ ሲጠብቅ፣ የቁም ከብት፣ አትክልትና ቢራ ከፕሊመዝ እየተጫነ ባሕር ላይ ይደርሰው ነበር። 14 ሺህ ያህል ሰው በመርከብ ላይ ከርሞ በሽተኛው ጥቂት ሆነ። በኅዳር ወር ፈረንሳዮቹ ሲወጡ ኪብሮን የባሕር ሰላጤ ላይ፣ በማዕበል መካከል፣ ሰባበራቸው። ወደብ ውስጥ የከረመው የፈረንሳይ መርከበኛ ልምምድ አልነበረውም፤ የፈረንሳይ መንግሥትም በዚያው ዓመት የዕዳ ክፍያዎቹን ለማቋረጥ ተገድዶ ነበር።

ሌላው የመዳቡ ጉዳይ ነው። በሞቃት ባሕር የመርከቡን እንጨት ትል ይበላዋል፤ አረም ሲያበቅልበት ደግሞ ይከብዳል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ መርከቦች በየጊዜው ወደ ጥገና ይገባሉ። ከ1779 ጀምሮ ቻርልስ ሚድልተን የተባለው የባሕር ኃይል ተቆጣጣሪ የመርከቦቹን ሆድ በመዳብ ሉህ ማልበስ ጀመረ፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ አብዛኛዎቹ ለበሱ። ወጪው ከባድ ነበር። መዳቡ የብረት ብሎኖቹን እያዛገ አደጋ ስላስከተለ ብሎኑን ሁሉ በመዳብ ቅይጥ መለወጥም ግድ ሆነ። ውጤቱ ግን አንድ አዲስ መርከብ ሳይሠራ ባሕር ላይ የሚገኘው የመርከብ ቁጥር ጨመረ። በጦርነት መካከል እንዲህ ያለ ውድ ኢንቨስትመንት ውስጥ መግባት የሚችል፣ በርካሽ መበደር የሚችል መንግሥት ብቻ ነው።

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ብሪታኒያ ተሸነፈች፤ ፈረንሳይ አሸናፊው ወገን ነበረች። በ1783 የብሪታኒያ ዕዳ ወደ 240 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ፣ ከአገሪቱ ሀብት ጋር ሲነጻጸር ከፈረንሳይ የባሰ ነበር። በነሐሴ 1788 ክፍያ ያቆመችው ግን ፈረንሳይ ናት፤ በዓመቱም አብዮቱ ፈነዳ። ይህን ታሪክ ይዘው ዕዳ ምንም አያመጣም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ብሪታኒያን ያዳናት የዕዳዋ መጠን አልነበረም። ያዳናት ግብሩ በትክክል መሰብሰቡ፣ አበዳሪዎቿ በአብዛኛው የራሷ ዜጎች መሆናቸው፣ ዕዳዋም በራሷ ገንዘብ መሆኑ ነው። እነዚህ የሌሉት አገር የብሪታኒያን አኃዝ ብቻ መዋስ የለበትም።

ለአበዳሪ የተጠበቀው ቃል ግን ለመርከበኛው አልተጠበቀለትም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙዎቹ በግዳጅ አፈሳ ከየወደቡ የተያዙ ናቸው። እንዳይጠፉ በሚል የወራት ደመወዛቸው ይያዛል። በ1797 የጸደይ ወራት ስፒትሄድ በተባለው የመርከብ ማቆሚያ የነበሩት መርከበኞች ባሕር አንወጣም ብለው ሲያምፁ ዋናው ጥያቄያቸው ደመወዝ ነበር፤ ደመወዛቸው ከ1650ዎቹ ጀምሮ አልተጨመረም። አንድ መቶ አርባ ዓመት ገደማ! የኮንሶል ባለቤት ግን ሰነዱ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ወለዱን ሲቀበል ኖሯል። በዚያው ዓመት የካቲት የፈረንሳይ ወታደሮች ዌልስ ላይ ወርደው ሕዝቡ ወርቅ ለማውጣት ሲሯሯጥ፣ የእንግሊዝ ባንክ የወረቀት ገንዘቡን በወርቅ መመንዘር አቆመ። የለንደን ነጋዴዎች ተሰብስበው ወረቀቱን እንቀበላለን ብለው ፈረሙ፤ ሥርዓቱም ሳይወድቅ ቀረ። መንግሥቱ ለስፒትሄድ መርከበኞችም ጭማሪውን ሰጠ። በ1799 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒት የገቢ ግብርን አስጀመረ፤ በዓመት ከ200 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው 10 በመቶ እንዲከፍል። የኔልሰን የትራፋልጋር ድል የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከፈረንሳይ ጋር የተደረጉት ጦርነቶች በ1815 ሲያበቁ ዕዳው ከአገሪቱ ዓመታዊ ገቢ እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ ለቀጣዩ ክፍለ ዘመንም ተረፈ፤ ለእኛም ደርሷል። በ1867 እና በ1868 ጄኔራል ናፒየር በዙላ በኩል ወደ መቅደላ ሲዘምት ከ280 በላይ የእንፋሎትና የሸራ መርከቦች ጭነት አመላልሰዋል። ፓርላማው መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ፤ በመጨረሻ የወጣው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። ለጭማሪው የገቢ ግብር ከፍ ተደረገ፤ የዘመቱት የሕንድ ወታደሮች መደበኛ ደመወዝ ግን በሕንድ ግብር ከፋይ ላይ ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ የገጠሙት ሠራዊት ከጀርባው ይህን ያህል የብድርና የግብር ታሪክ ነበረው።

የሒሳቡን ሌላ ገጽም መግለጥ ይገባል። ጉምሩኩን ካደለቡት ዕቃዎች አንዱ ስኳር ነበር፤ ስኳሩን ያመረቱት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ንግዱ በሕግ እስከታገደበት እስከ 1807 ድረስ የብሪታኒያ መርከቦች ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከአፍሪካ አጋዙ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት መንገድ ላይ አለቁ። የንጉሡ ባሕር ኃይል ያንን መስመር ሲጠብቅ ኖረ። ከ1808 ጀምሮ ያው ባሕር ኃይል የባሪያ መርከቦችን እያሳደደ ይይዝ ጀመር፤ በስድሳ ዓመት ገደማ ውስጥ 150 ሺህ ያህል ሰዎችን ነጻ አውጥቷል።

በ1833 ፓርላማው በግዛቶቹ ባርነትን ሲሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ። አብዛኛውን ለመክፈል መንግሥት በ1835 እንደ ልማዱ ከለንደን ገበያ ተበደረ። ካሳው የተከፈለው ለባሪያ ባለቤቶች ነው። የዚያ ብድር ቀሪ ሰነድ ከአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ጋር ተጠቃልሎ የተዘጋው በ2015 ሲሆን፣ የብሪታኒያ ግብር ከፋይ እስከዚያ ድረስ ወለዱን ሳያቋርጥ ከፍሏል። በባርነት የኖሩት ሰዎች አንድ ፔኒ አልተከፈላቸውም።